ችክችካን ታብሌት ላይ መሥራት፣ ሁለት ታብሌትንም አንድ «አንድ» ላይ ማስገባት

የምኖረው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው። ሰፈራችን ውስጥ ሙዚቃ የሚሞክሩ ልጆች ብዙ ናቸው። ድራም ሴት የለም፣ ስቱዲዮ ለመግባት ደግሞ መሃል ከተማ ድረስ መሄድ ያስፈልጋል፣ ትራንስፖርቱ ብቻውን ግማሽ ቀን ይበላል። ታብሌት ግን አለ። አንዱ ከውጭ ዘመድ የላከለት አይፓድ አለው፣ ሌላዋ ለትምህርት የተገዛላት አንድሮይድ አላት። ቅዳሜ ከሰዓት ኮሙናሉ ባዶ ሲሆን እንሰበሰብና እንሠራለን።

ሁሌ የሚመጣው ጥያቄ አንድ ነው። «ቢቱ ለብቻው አሪፍ ነው፣ ከጓደኛዬ ታብሌት ጋር ሳጫውተው ግን ለምን ይጋጫል? ቴምፖው እኮ አንድ ነው!»

መልሱን ከወዲሁ ልናገር። ቴምፖ መስማማት ማለት እኩል ፍጥነት መሄድ ነው። «አንድ» የሚለው ምት የት እንደሆነ መስማማት ደግሞ ሌላ ነገር ነው። ሁለት ሰዎች እኩል ፍጥነት እየተራመዱ አንዱ ቀኝ እግሩን ሲያነሳ ሌላው ግራውን ሊያነሳ ይችላል። የእኛ ሙዚቃ ላይ ይሄ ነገር ይብሳል፤ ምክንያቱም አብዛኞቹ አፖች ሲከፈቱ የሚቆጥሩት በ4 ነው፣ ችክችካ ግን በ6 ነው የሚሄደው።

ስለዚህ ከአፑ በፊት ከአፋችሁ ጀምሩ።

መጀመሪያ በአፍና በእግር

ታብሌቱን አስቀምጡት። እግራችሁን እኩል እኩል ምቱ። አሁን በእያንዳንዱ የእግር ምት ላይ ሦስት ቁጥር አስገቡ፦ አንድ ሁለት ሦስት፣ አራት አምስት ስድስት። እግራችሁ የሚያርፈው አንድ ላይና አራት ላይ ነው። ከዚያ በቁጥሩ ፋንታ ድምፅ አድርጉ፦ ዱም፣ ዝም፣ ታ፣ ዱም፣ ዝም፣ ታ። «ዱም» የከበሮው ትልቁ አፍ ነው፣ «ታ» ትንሹ አፍ። ዝም ያልኩትም ቦታ አለው፣ አትዝለሉት። ጀማሪዎች ሲቸኩሉ የሚውጡት እሱን ነው፤ ከተዋጠ ደግሞ እስክስታው ይጠፋል።

ይህን ሁለት ደቂቃ ሳትሳሳቱ ከቆጠራችሁ በኋላ አፑን ክፈቱ። ሁለት ደቂቃ ረጅም ነው፣ አውቃለሁ። ግን ያለሱ የሠራ ልጅ ስክሪኑን እያየ ነው የሚሠራው፣ እየሰማ አይደለም።

ቴምፖው ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው

ብዙ አፖች ቴምፖ ሲሉ በደቂቃ ስንት ሩብ ኖታ (በአራት በሚቆጠረው በ4/4 አንዱ ምት) እንዳለ ነው የሚቆጥሩት። እናንተ ግን በ6/8 (በስድስት በሚቆጠረው) እግራችሁን ስትመቱ አንዱ ምት ውስጥ ያለው አንድ ሩብ ኖታ አይደለም፣ አንድ ሩብ ኖታ ተኩል ነው። ስለዚህ በእግራችሁ 100 ከቆጠራችሁ አፑ ላይ የምትጽፉት 150 ነው። 120 ከሆነ 180። በ1 ተኩል ማባዛት ብቻ ነው። «6/8 አድርጌ 100 ጻፍኩ፣ ለምን ተንቀራፈፈ?» የሚሉኝ ልጆች ችግራቸው በሙሉ እዚህ ጋ ነው።

ጋራዥባንድ የሚባለው የሙዚቃ መሥሪያ አፕ አይፓድ ላይ በነፃ የሚገኝ ስለሆነ ብዙዎቻችን የምንጀምረው በሱ ነው። 4/4፣ 3/4 እና 6/8 አለው። ምርጫው የዘፈኑ ሴቲንግ ውስጥ ነው፣ ከቴምፖው አጠገብ። አንድም ድምፅ ከመቅዳታችሁ በፊት ቀይሩት። ግማሽ መንገድ ከሄዳችሁ በኋላ ከቀየራችሁት የሠራችሁት ነገር ከመስመሮቹ ጋር አይገጥምም፣ እያንዳንዱን እየጎተቱ ማስተካከል ደግሞ አድካሚ ነው።

ሌላም መንገድ አለ፣ ለብዙ ሰው ሥራ እኔ የምመርጠው እሱን ነው። 4/4ን ሳትነኩ ትተዋላችሁ፣ ቴምፖውን የእግራችሁን ቁጥር እንዳለ ታደርጋላችሁ (100 ከሆነ 100)፣ ከዚያ ግሪዱን (ምቱን የሚከፋፍሉትን መስመሮች) ትሪፕሌት ታደርጋላችሁ። ያኔ አንዱ ምት ለሦስት ይከፈላል፣ በአንድ ባለ 4 ምት ባር (አንድ ዙር ቆጠራ) ውስጥ 12 ቦታ ይገኛል። ሁለት የ6/8 ዙር ማለት ነው። ጆሮ ላይ አንድ ነው። ሁለት ታብሌት ለማገናኘት ስትፈልጉ ግን ልዩነቱ የሰማይና የምድር ነው፣ ወደ ኋላ እመጣበታለሁ።

የራሳችሁን ከበሮ ቅዱ

አፖቹ ውስጥ ያለው የድራም ሴት ድምፅ፣ ኪክና ስኔሩ፣ መጥፎ አይደለም። የኛ ዜማ ሥር ሲገባ ግን እንግዳ ነው። የከበሮ ድምፅ ከኢንተርኔት ማውረድም ይቻላል፣ እኔ ግን ራሳችሁ ቅዱ ነው የምለው። ሰፈር ውስጥ ለሰርግ የሚያከራይ ወይም የእድር ዕቃ ውስጥ ያለው ከበሮ አይጠፋም። የቤተ ክርስቲያኑን አትጠይቁ፣ እሱ ለሌላ አገልግሎት ነው።

ለዚህ ሥራ የምወደው ኮዋላ ሳምፕለር የሚባለውን የድምፅ መቅጃና ማጫወቻ አፕ ነው። አይፓድ ላይም አንድሮይድ ላይም አለ። ፓዱን (ስክሪኑ ላይ ያለውን የመምቻ ሳጥን) ተጭናችሁ ስትይዙ ይቀዳል፣ ስትለቁ ያቆማል። በቃ፣ ሌላ ትምህርት አያስፈልገውም።

አቀዳዱ እንዲህ ነው። ቀን ላይ ቅዱ፣ ሌሊት ጸጥታው ጥሩ ነው ግን ጎረቤት አለ፣ ጅብም አለ፤ የኛ ሰፈር ጅብ ማይክ ሲከፈት ነው የሚጮኸው ብል ማጋነን አይሆንም። ክፍሉ የሚያስተጋባ ከሆነ ጋቢ ወይም ብርድ ልብስ ግድግዳው ላይ ስቀሉ፣ ሌላ መሬት ላይ አንጥፉ። ታብሌቱን ከከበሮው ግማሽ ሜትር ያህል አርቁት። በጣም ከቀረበ ድምፁ ይሰነጠቃል፣ የተሰነጠቀ ድምፅ ደግሞ በኋላ በምንም አይጠገንም። ከትልቁ አፍ ሦስት ምት ቅዱ፦ ጠንካራ፣ መካከለኛ፣ ለስላሳ። ከትንሹም እንዲሁ። ከዚያ ጭብጨባ። አንድ ሰው ብቻውን ሲያጨበጭብ ቀጭን ነው የሚሰማው፣ አራት አምስት ልጅ አቁሙና አንድ ላይ አጨብጭቡ። ቤት ያለውን ሁሉ ጥሩ፤ እኛ ጋ የአንዷ ልጅ አያት ያጨበጨቡት ድምፅ ከሁሉም በልጦ እስካሁን እንጠቀምበታለን።

አሁን ዋናው ነገር። እያንዳንዱን ድምፅ ክፈቱና ፊቱን ቁረጡ። ፓዱን ከተጫናችሁበት እስከ ምቱ ድረስ ያለችውን ትንሽ ጸጥታ ማለቴ ነው። በዓይን ሲያዩዋት ምንም አትመስልም። 40 ሚሊሰከንድ ብትሆን እንኳ ያ ድምፅ በተመታ ቁጥር 40 ሚሊሰከንድ ይዘገያል፣ ሁሌም። ልጆች ስለ ሲንክ (እኩል አብሮ ስለመሄድ) ሲያማርሩ መጀመሪያ የማየው ይህን ነው፣ ብዙ ጊዜም ችግሩ እዚሁ ይገኛል። ሞገዱን አስፉት፣ ምቱ ወደ ላይ የሚነሳበት ቦታ ድረስ ቁረጡት። አናቱን ግን እንዳትነኩ፤ የከበሮ እጅ ያረፈበት ድምፅ ያለው እዚያ ነው።

ቢቱን መደርደር

12 ቦታ ያለው መስመር አስቡ። ጋራዥባንድ ውስጥ ቢት ሲኩዌንሰር የሚባለው አለ፣ አንዱ ሳጥን አንድ አሥራ ስድስተኛ ኖታ ነው፤ በ6/8 አንድ ባር 12 ሳጥን ይሆናል። ሲከፈት ግን 16 ነው የሚያሳየው፣ ስለዚህ የፓተርኑን ርዝመት ወደ 12 አሳጥሩት። ይህን ከረሳችሁ ቢቱ በየዙሩ እየተንሸራተተ ይሄዳል።

ዱም 1 እና 7 ላይ። ታ 5 እና 11 ላይ። ጭብጨባ 1 እና 7 ላይ። ለስላሳዋን የትንሹን አፍ ምት 3 እና 9 ላይ፣ በጣም ቀንሳችሁ፤ ጎልታ ሳይሆን ከሥር ነው መሰማት ያለባት። ይህ መነሻዬ ነው እንጂ ሕግ አይደለም። ከዚህ ተነስታችሁ የምታውቁትን አመታት በጆሮ ፈልጉ፤ የጎጃሙ አንድ አይደለም፣ የወሎው አንድ አይደለም። በትሪፕሌት የምትሠሩ ከሆነ ደግሞ በ12ቱ ውስጥ ሁለት ዙር ስላለ ዱም 1፣ 4፣ 7፣ 10 ላይ ነው፣ ታ 3፣ 6፣ 9፣ 12 ላይ።

ትግርኛ የምትሠሩ ምቱ በ5 ነው የሚቆጠረው። ጋራዥባንድ 5/8 የለውም። የፓተርኑን ርዝመት 10 ሳጥን አድርጉት፣ ይዞራል። የላይኛው የባር መስመር አይገጥምም፣ እሱን አትዩት፣ ጆሯችሁን እመኑ።

አሁን ቢቱ ይሄዳል፣ ግን ማሽን ማሽን ይላል አይደል? ቬሎሲቲ (የምቱ ጥንካሬ) ውስጥ ግቡ። መጀመሪያው ዱም ጠንካራ፣ ሁለተኛው ትንሽ ዝቅ። ታዎቹም እኩል አይሁኑ። ከዚያ ጭብጨባውን አጥፉትና በጣት እየመታችሁ ቅዱት፣ ኳንታይዝ ሳታደርጉ (አፑ ምቱን ወደ መስመሩ ስቦ እንዳያስተካክለው)። ዱሙ ልክ ቦታው ላይ ይቁም፣ ጭብጨባው ትንሽ ወዲህ ወዲያ ይበል። እኛ ጋ ጭብጨባ የሰው ነው፣ ሰው ደግሞ እኩል አያጨበጭብም። ሁሉንም ኳንታይዝ የሚያደርግ ልጅ ሳይ ያናድደኛል፤ ያን ሁሉ ደክሞ የቀዳውን ነፍስ በአንድ ቁልፍ ያጠፋዋል።

ሁለቱን ታብሌት ማገናኘት

ለዚህ የምንጠቀመው ኤብልተን ሊንክ የሚባለውን፣ አፖችን በአንድ ፍጥነት አብሮ የሚያስኬደውን ዘዴ ነው። ለብቻው የሚወርድ አፕ አይደለም፣ ሌሎች አፖች ውስጥ የተሠራ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ ብዙ የሞባይል ሙዚቃ አፖች አስገብተውታል፣ ኮዋላም አለው። የሚሠራው በአንድ ዋይፋይ ላይ ባሉ መሣሪያዎች መካከል ነው። ኢንተርኔት አይፈልግም። ይህን ደግሜ ልበለው፣ ምክንያቱም ልጆች «ካርድ የለኝም» ብለው ይተዉታል። ካርድ አያስፈልግም።

አንድ አንድሮይድ ስልክ ውሰዱ። ዳታውን አጥፉት። ሆትስፖቱን ክፈቱ። ሁለቱንም ታብሌት እሱ ላይ አገናኙ። ዳታው የጠፋው ታብሌቶቹ በጀርባ አፕዴት እያወረዱ መስመሩን እንዳያጨናንቁ ነው። መብራት ሲጠፋም ይሄ መንገድ ይሠራል፣ ቤት ያለው ራውተር ግን ከመብራቱ ጋር አብሮ ይጠፋል።

ቀጥሎ ታብሌቶቹን ኤሮፕሌን ሞድ አድርጉና ዋይፋዩን ብቻ መልሳችሁ ክፈቱ። ብሉቱዝ ይጥፋ። አፑን ክፈቱ፣ ሴቲንጉ ውስጥ ሊንክን አብሩ። ሁለቱም ላይ ሲበራ ከሌላ መሣሪያ ጋር መገናኘቱን በቁጥር ያሳያችኋል። አይፓዱ ላይ ቁጥሩ ካልመጣ ወደ አይፓዱ ሴቲንግ ሂዱ፣ ፕራይቬሲ ውስጥ ሎካል ኔትወርክ የሚል አለ፣ አፑ እዚያ መፈቀድ አለበት። መጀመሪያ ሲከፈት «ይፈቀድ?» ብሎ የጠየቀውን ሳያነቡ «አይ» ያሉ ልጆች ሊንክ አይሠራም ብለው ደምድመው ቁጭ ይላሉ።

አሁን አንዱ ቴምፖ ሲቀይር ሌላውም ይቀይራል። አንዱ እየተጫወተ ሁለተኛው ፕሌይ ሲል ወዲያው አይጀምርም፣ የሚቀጥለው ዙር «አንድ» እስኪደርስ ጠብቆ ይገባል። በጣም ደስ የሚል ስሜት አለው፣ የመጀመሪያው ቀን ኮሙናሉ ውስጥ ልጆቹ ዘለው ነበር።

አሁን መጀመሪያ ላይ ወዳልኩት ልመለስ። ሊንክ ፍጥነቱንና ምቱን ያስማማል፣ ዙሩ ስንት ምት እንደሆነ ግን እያንዳንዱ አፕ ለራሱ ነው የሚያውቀው። በአንዳንድ አፖች ኳንተም የሚባለው ቁጥር ይህ ነው። አንዱ ታብሌት በ6/8 ከሠራ ዙሩ 3 ሩብ ኖታ ነው። ሌላው 4/4 ላይ ከቀረ ዙሩ 4 ነው። 3 እና 4 የሚገናኙት በየ12ቱ ነው። ስለዚህ 4 የሚቆጥረው በገባ ቁጥር በ3 ከሚቆጥረው «አንድ» ጋር የሚገጥመው ከሦስት አንዴ ብቻ ነው።

ይህን የተማርኩት በአንድ የሰፈር ሰርግ ላይ ነው። ልምምድ ላይ ገጥሞ ነበር፣ ሁለት ጊዜ ተከታትሎ። በሰርጉ ቀን ሙሽሮቹ ሲገቡ ሁለተኛው ታብሌት ከአንድ ሩብ ኖታ በኋላ ገባ። ፍጥነቱ ፍጹም አንድ ነበር፣ ዱሙ ግን በዱሙ ላይ አላረፈም። ሰው ለመጨፈር እጁን አንስቶ ቆመ። አንደኛውን ድምፅ እስክንቀንስ ያለፈው ጊዜ አሁንም ትዝ ይለኛል።

ከዚያ ወዲህ አብረን ስንሠራ ሁሉም ሰው 4/4 በትሪፕሌት ነው። አፖቹ ሁሉ በ4 ለመቁጠር ዝግጁ ስለሆኑ «አንድ» የት ነው የሚለው ጥያቄ አይነሳም። 6/8ን ለብቻ ሥራ እጠቀምበታለሁ። አፓችሁ ትሪፕሌት ከሌለው ደግሞ ሁላችሁም 6/8 ግቡና ኳንተሙን 3 አድርጉት። አንዱ በዚህ፣ አንዱ በዚያ ብቻ እንዳይሆን።

ሊንክ የሌለው አፕ ሲሆን

ጋራዥባንድ ሊንክ የለውም። ሁለት አማራጭ አለ። አንደኛው፣ ኦዲዮ ዩኒት የሆነ (በሌላ አፕ ውስጥ መከፈት የሚችል) የድራም አፕ ካላችሁ በጋራዥባንድ ውስጥ እንደ መሣሪያ መክፈት ነው፤ ያኔ የድራም አፑ ቴምፖውን ከጋራዥባንድ ይወስዳል። ሁለተኛው ቢቱን ኦዲዮ ፋይል አድርጎ ማውጣትና ሊንክ ያለው አፕ ውስጥ ማስገባት ነው። ስታወጡት ባሩ ላይ ቁረጡት። አንድ የ6/8 ባር በ150 ቴምፖ 1.2 ሰከንድ ነው፣ 8 ባር 9.6 ሰከንድ። የወጣው ፋይል ከዚህ ከረዘመ መጨረሻው ላይ ጸጥታ ተንጠልጥሏል ማለት ነው፣ ቁረጡት፣ ካልሆነ ሲዞር ይሰናከላል።

ድምፁ በምን ይወጣል

በብሉቱዝ አይሁን። ቁጥሩን ተመልከቱ። በ150 ቴምፖ ከስድስቱ ምቶች አንዱ 200 ሚሊሰከንድ ነው። የብዙ ብሉቱዝ ስፒከርና ኤርፎን መዘግየት ከ100 እስከ 300 ሚሊሰከንድ ይደርሳል። ማለትም «አንድ» ብላችሁ የመታችሁትን «ሁለት» ላይ ልትሰሙት ትችላላችሁ። ከዚያ ሳታውቁት እጃችሁ ለማካካስ ይቸኩላል፣ ቅጂው ይበላሻል። ለመስማት ብቻ ከሆነ ችግር የለውም፣ ለመጫወት ግን ገመድ ነው። የጃክ ቀዳዳ የሌለው ታብሌት ከሆነ ማስተላለፊያውን መርካቶ ታገኛላችሁ፤ ከመክፈላችሁ በፊት ግን ታብሌቱን ይዛችሁ ሄዳችሁ እዚያው ሞክሩት፣ አንዳንዱ ቻርጅ ብቻ ነው የሚያስተላልፈው።

ሁለቱን ታብሌት ወደ አንድ ሚክሰር አስገቡ። አንድሮይዱ ትንሽ ከዘገየ (ብዙ ጊዜ ይዘገያል) በሁለቱም ላይ ጭብጨባ ብቻ አጫውቱ። አንድ ጭብጨባ ከሰማችሁ ደህና ነው። «ጭ-ጭብ» ዓይነት ድርብ ከሰማችሁ አፑ ውስጥ የኦዲዮ ሴቲንግ ግቡና በፈር የሚለውን (ድምፁ ከመውጣቱ በፊት የሚጠራቀምበትን) ቀንሱ። በፈሩ 256 ናሙና ከሆነ፣ በሰከንድ 44100 ናሙና ሲቆጠር፣ ወደ 6 ሚሊሰከንድ ገደማ ነው፣ 1024 ከሆነ 23። በጣም ስትቀንሱት ደግሞ ድምፁ መቆራረጥ ይጀምራል፣ ያኔ አንድ ደረጃ መልሱት።

ድንኳን ውስጥ ስትጫወቱ ስፒከሩ ከእናንተ አይራቅ። ድምፅ አንድ ሜትር ለመሄድ 3 ሚሊሰከንድ ያህል ይወስድበታል። ስፒከሩ 15 ሜትር ርቆ ከቆመ 45 ሚሊሰከንድ ዘግይቶ ነው ወደ እናንተ የሚመለሰው፣ በጣት የሚመታው ልጅ ደግሞ እሱን ተከትሎ ይጎተታል። ትንሽ ስፒከር አጠገባችሁ አድርጉ፣ ወይም አንዱ ልጅ በገመድ ኤርፎን ይስማ።

የመጨረሻው ሥራ ባዶ ፕሮጀክት አዘጋጅቶ ማስቀመጥ ነው። ቴምፖው ገብቶ፣ ግሪዱ ትሪፕሌት ሆኖ፣ የተቆረጡት የከበሮ ድምፆች በየፓዳቸው ተቀምጠው፣ ሊንኩ በርቶ። ስሙን «መነሻ» በሉት። አዲስ ዘፈን ስትጀምሩ ኮፒውን ክፈቱ፣ ዋናውን አትንኩት። አዲስ ልጅ ታብሌት ይዞ ቅዳሜ ኮሙናሉ ሲመጣም የምንሰጠው እሱን ፋይል ነው፤ ቡናው ተፈልቶ ሳያልቅ አብሮን ይመታል።